ከራሱ ጋር የተሽቀዳደመው ባለፈረስ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ ነገ የሚሆነውን ማወቅ ባይቻለውም እንኳ እንዳወቀ ሆኖ መናገርን ይወዳል፤ ይህም ድፍረቱ በአንደበቱ ብቻ ሳይወሰን፣ ያለውን ከሌለው፣ የጨበጠውን ከተመኘው ጋር አስይዞ እንዲወራረድ ያደርገዋል። አባቶቻችን ይህን የባሕርይ ድካም አይተው ሊነቅሉት ባይችሉ በሥርዐት አሰሩት፤ ውርርድ የሚሉትን ነገር ከችሎት ፊት አቁመው፣ አንዱ ተከራካሪ «እሰጥ» ሲል ሌላው «አገባ» እንዲል፣ ዋስ እንዲጠራ፣ ምስክር እንዲቆጠር፣ መሓላ እንዲፈጸም፣ ያስያዘውም ማር ቢሆን ማር፣ በቅሎ ቢሆን በቅሎ፣ ከአፉ የወጣው ቃል ከእጁ እንደ ወጣ ንብረት እንዲታይ ደነገጉ። እኛ የእነርሱ ልጆች ግን ውርርዱን ወርሰን ሥርዐቱን ጣልነው፤ መሓላውን በወረቀት ቍራጭ፣ ዋሱን በመስኮት፣ ዳኛውንም በደወል ለወጥነው፤ ለውጠንም ሠለጠንን አልን። ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ ዐይን ያለው ሁሉ እያየ የተፈጸመ ነው፤ ተቈጥቼ የምጽፍ መሆኔንም አስቀድሜ እነግርሃለሁና፣ በተረጋጋ ልቡና የተጻፈ ታሪክ የሚሻ ቢኖር ሌላ መጽሐፍ ይግለጥ።

በከተማችን በስተምሥራቅ በባሕር ዛፍ የተከበበ ሰፊ ሜዳ አለ። በቀደመው ዘመን ፈረሰኞች ጉግሥ ይጫወቱበት ነበር፤ በእኔ ዘመን ግን አንድ የእሽቅድምድም ማኅበር ተቋቁሞ፣ ዙሪያውን በገመድ አጥሮ፣ በአንደኛው ወገን በቆርቆሮ የተከደነ ሰገነት፣ በሌላው ወገን የውርርድ ትኬት የሚሸጥበት ባለ መስኮት የእንጨት ቤት ሠርቶበታል። በሰገነቱ ላይ ባለፈረሶችና ባለማዕርጎች፣ መነጽር ያንጠለጠሉና ጓንት ያጠለቁ፣ ወንበር ተዘርግቶላቸው ይቀመጣሉ፤ ከገመዱ ውጭ ባለው ሣር ላይ ደግሞ እኛ፣ በየእሑዱ ብቅ የምንል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ ባለሱቆች፣ መምህራንና ልብስ ሰፊዎች፣ ስለ ፈረስ ያለን ዕውቀት በኋላ እግሩ በኩል መቆም አደገኛ መሆኑን ከማወቅ የማያልፍ፣ እንደ ልባችን እንኮለኰላለን። ትኬት ስንገዛ አንዱ ፈረሱ የልጁን ስም ስለያዘ፣ ሌላው በሕልሙ ነጭ ነገር ስላየ፣ ሦስተኛው ጎረቤቱ የገዛውን አይቶ ይገዛል፤ ሲሸነፍ ጋላቢውን ይሰድባል፣ ሲያሸንፍ ግን የራሱን አስተዋይነት ያመሰግናል። ከእነዚህ ከንቱዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አርቃቂ ስሆን፣ ጥቁር ካፖርት ለብሼ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ሱሪዬ ሣር እንዳይነካው እየተጠነቀቅሁ ከገመዱ ዳር እቆም ነበር፤ ከሩቅ ላየኝ ትልቅ ሰው እመስላለሁ።

ነገሩ በተፈጸመበት እሑድ ከቀትር በኋላ ባላምባራስ እንግዳሸትና ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ በሜዳው ዳር ያልፉ ነበር። ባላምባራስ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ወገባቸው ግን ያልጎበጠ፣ በመርሐቤቴ ለብዙ ዘመን በአጥቢያ ዳኝነት የኖሩ፣ ጽኑዕና ትሑት ሰው ናቸው። ወደ ከተማ የመጡት የወይዘሮ ትርንጎ ጉልበት ከወደቁበት ቀን ጀምሮ አልታጠፍ ስላለ፣ በየእሑዱ ወጌሻ ዘንድ እየሄዱ ለመታሸት ነው። ወይዘሮ ትርንጎ በእግራቸው ከደጃፋቸው እስከ አጥራቸው መድረስ ይሳናቸው ነበር፤ ከቤታቸው ወደ ወጌሻው፣ ከወጌሻው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም ወደ ቤታቸው የምታደርሳቸው ወለላ የምትባል ማርማ ቀለም ያላት ሰጋር በቅሎ ነበረች፤ እርምጃዋም እጅግ የለዘበ ከመሆኑ የተነሣ የታመመው ጉልበት በጀርባዋ ላይ አይነቃነቅም ነበር። ከእርስዋ በቀር ሌላ ከብት አልነበራቸውም። ባላምባራስ የሕዝቡን ሁካታ ሰምተው ምን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ የፈረስ እሽቅድምድም መሆኑ በተነገራቸው ጊዜ ግን፣ በወጣትነታቸው ዝነኛ ፈረሰኛ ነበሩና፣ «ትርንጎዬ፣ ጥቂት አይተን እንሂድ» አሉ። ወይዘሮ ትርንጎም በባላቸው ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ ካዩ ብዙ ጊዜ ሆኖ ነበርና እሺ ብለው፣ ሰዎች ደግፈው አውርደዋቸው፣ ከሣሩ ላይ ጋቢ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ።

አሁን ስለ ልጅ ደምስ ልናገር ነው። ማዕርጉን አስቤ አንቱ ልለው ብሞክር ብዕሬ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ አንተ ለሚባል ሰው በሚገባው ቃል እጽፈዋለሁ። ይህ ሰው በአባቱ ርስት የሚኖር፣ በአባቱ ስም የሚከበር፣ የራሱ የሆነ ነገር ቢፈለግበት ከሚያምር ጢሙ በቀር ምንም የማይገኝበት፣ ባለጠጋና ሥራ ፈት ነበረ። ከሰገነቱ ወርዶ በገመዱ ዳር ሲንሸራሸር ወለላን አየ፤ ወደ እርስዋም ቀርቦ አንገቷን ደባብሶ፣ ለእናቱ የበዓል መቀመጫ እንደሚፈልጋት ተናግሮ ዋጋዋን ጠየቀ። ወይዘሮ ትርንጎ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «የምትሸጥ አይደለችም ልጄ፤ የእኔ እግር ናት» አሉት። ልጅ ደምስ የፈለገውን ነገር ተከልክሎ የማያውቅ ነበርና ፊቱ ጠቈረ፤ ባላምባራስም እንግዳውን ያስቀየሙ መስሏቸው፣ ነገሩን በጨዋታ ለማለዘብ፣ ለአራተኛው እሽቅድምድም ወደ መነሻው ይመሩ ወደ ነበሩት ፈረሶች አመለከቱ። «ከነዚህ ሁሉ የሚቀድመው ያ ቦራ ነው» አሉ፤ በግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ፈረስ መናገራቸው ነው። «ያ ቀይ ዳማ መልኩ ያማረ፣ ደረቱ የሰፋ ነው፤ ነገር ግን በግራ የፊት እግሩ ሲረግጥ ይሳሳል። ኮቴው ሳይታመም አልቀረም።» ይህን የተናገሩት ያለ ክፋት፣ ፈረስ እንደሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዳማውም የልጅ ደምስ መሆኑን አያውቁም ነበር። ቀጥለውም እንደ ጨዋ ወግ፣ «እኔን አባ ጽና ይሉኛል፤ ለመሆኑ ጌታዬ አባ ማን ይባላሉ?» ብለው ጠየቁት።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ሁሉ መከራ ሥሩ ከዚህች ጥያቄ ላይ ነውና ልብ ብለህ ስማኝ። በአባቶቻችን ወግ አንድ መኰንን አንድ የጦር ፈረስ አለው፤ የፈረሱም ስም የጌታው ስም ይሆናል፤ ባላምባራስ እንግዳሸትን የአገራቸው ሰው ጽና በሚባለው ፈረሳቸው «አባ ጽና» ይላቸዋል፤ ፈረሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ስሙ ከእርሳቸው ላይ አልወረደም። ስለዚህ በእርሳቸው ልቡና ሰውና ፈረስ እንደ ሰውና ስሙ ነበሩ፤ አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ በሁለት ወገን ይሰለፋል ብሎ ማሰብ ከቶ የማይሆንላቸው ነገር ነው። ልጅ ደምስ ፈገግ ብሎ፣ «አባ ንጠቅ ይበሉኝ፤ ንጠቅ ያ የናቁት ዳማ ነው» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ንጠቅ የእርሱ ፈረስ ነበር፤ ስሙም ለባለቤቱ ከሚገባው በላይ ተስማምቶታል። ነገር ግን ብሥራት የሚባለው ቦራም የእርሱ መሆኑን አልተናገረም። በማኅበሩ ሕግ አንድ ባለፈረስ የፈቀደውን ያህል ፈረስ በአንድ እሽቅድምድም ማሰለፍ ይችል ነበር፤ ይህንም ከሰገነቱ ላይ ያሉት ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ባላምባራስ ግን አባ ንጠቅ የንጠቅ ጌታ ነው፣ ቦራውም የሌላ ሰው ነው ብለው በንጹሕ ልብ አመኑ። ፈረስህን ነቅፌብሃለሁና ይቅርታ እንደ ማለትም አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ልጅ ደምስ ግን ያችን ቅጽበት አላሳለፋትም። «እንግዲያስ እንወራረድ» አለ። «ቦራው ከቀደመ ንጠቅን ከነኮርቻው ይውሰዱት፤ ንጠቅ ከቀደመ በቅሎዪቱ የእኔ ናት።» ወይዘሮ ትርንጎ ከባላቸው በፊት መልስ ሰጡ። «ባላምባራስ፣ ይተዉ። እኛ እግረ መንገዳችንን ነው የቆምነው፤ የእኔን ጉልበት አስይዘው አይወራረዱ» አሉ። ባላምባራስም ሊተዉት ነበር፤ እንዲያውም እጃቸውን ለስንብት አንሥተው ነበር። ያ ሰው ግን ወደ ሕዝቡ ዞር ብሎ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ በማድረግ፣ «አባ ጽና የሚባል ሰው ከተናገረው ቃል ያፈገፍጋል?» አለ፤ በአቅራቢያው የነበርን ሥራ ፈቶችም ሳቅን። በዚያ ሳቅ ውስጥ የእኔም ድምፅ ነበረበት፤ ዛሬ ያን ሳቅ ከጉሮሮዬ ውስጥ ፈልጌ ባወጣው በወደድሁ ነበር። ባላምባራስ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ዋስ ይጥሩ» አሉ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ ዋሴም ምስክሬም ነው» አለ ልጅ ደምስ፣ በጓንቱ ወደ ሣሩ እያመለከተ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ቀልድ በቈጠረው ነበር፤ ባላምባራስ ግን ወደ አእላፉ ሕዝብ ተመልክተው፣ ከዚህ የበለጠ ዋስ የት ይገኛል ብለው ተቀበሉት፤ «በቅሎዬን እሰጥ» አሉ፤ እርሱም እየሳቀ «ፈረሴን አገባ» አለ፤ እጅ ለእጅ ተማቱ። ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ባንዲራው ወደቀ፤ ስድስት ፈረሶች ተነሡ። ፈረስ የማናውቀውም እንኳ ከመጀመሪያው ዙር ባላምባራስ እውነት እንደ ተናገሩ አየን፤ ቦራው ያለ ጅራፍ፣ ያለ ጩኸት፣ አንገቱን ዘርግቶ ሲፈተለክ ሌሎቹ አቧራውን ይውጡ ነበር፤ ዳማው ግን ግራ እግሩን ባሳረፈ ቍጥር አንገቱን ዝቅ ያደርግ ጀመር። በባሕር ዛፎቹ በኩል ያለውን ጥምዝ ሲያልፉ በሁለቱ መካከል ሦስት ፈረስ የሚያስቆም ቦታ ነበር። ባላምባራስ አልጮኹም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ሰገነቱ የተመለሰው ልጅ ደምስ ከፊተኛው ረድፍ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አውልቆም እንደ ሞቀው ሰው ፊቱን ሁለት ጊዜ አራገበበት። ቀይ ሸሚዝ የለበሰው የቦራው ጋላቢ ወደ ሰገነቱ ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ ኋላው ተለጠጠ፤ ልጓሙን በሁለት እጁ ሳበ፤ የዚያ ክቡር እንስሳ አፉ ተከፈተ፣ አንገቱ ወደ ደረቱ ታጠፈ፣ ሊሮጥ እየፈለገ ተገታ፤ አንካሳውም ዳማ በአጠገቡ አልፎ ከመጨረሻው የኖራ መሥመር ላይ በአንድ አንገት ቀደመው። ይህን ለማየት መነጽር አያሻም ነበር። ከገመዱ ዳር የቆመ ሁሉ አየው፤ እኔም ከሃያ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜ አየሁት።

ያን ጊዜ የተነሣውን ቍጣ ብታይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከተማዪቱ ፍትሕን ከተራበች ሰባት ዓመት ሆኗት ባንድ ቀን ልትጠግብ የተነሣች በመሰለህ ነበር። «ሌባ» የማይል አልነበረም፤ ትኬቱን የሚቀድ፣ ባርኔጣውን የሚወረውር፣ ገመዱን የሚነቀንቅ ሞላ፤ ቦራው ላይ የተወራረደው ብዙ ነበርና። በዚህ ሁሉ መካከል ልጅ ደምስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ከሰገነቱ ወርዶ፣ አሽከሩን አስከትሎ መጣ፤ አሽከሩም ቀጥ ብሎ ሄዶ የወለላን ልጓም ያዘ። ባላምባራስ አልተሳደቡም። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ራመድ ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ «በሕግ አምላክ» አሉ። ይህች ቃል በቀደመው ዘመን ሸሽቶ የሚሮጠውን ነፍሰ ገዳይ ታስቆም ነበር፤ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አንድ እግሩን ቢያነሣ ዐመፀኛ ይባላል፤ የአባቶቹም ልማድ በደሙ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ልጅ ደምስ ሳይወድ ቆመ። ሕዝቡም ወደ እነርሱ ተሰበሰበ። ባላምባራስ የኩታቸውን ጫፍ አንሥተው ከልጅ ደምስ ኮት ቀበቶ ጋር ቋጠሩት፤ ይህ ቍራኛ ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ልብስ ታስረው ዳኛ እስኪያገኙ የማይለያዩበት ሥርዐት ነው። ከዚያም ዙሪያቸውን ተመልክተው፣ በአቅራቢያቸው ካለው ሰው ሁሉ ዳኛ የሚመስል መረጡ። የመረጡትም ጥቁሩን ካፖርትና ጃንጥላውን ነው። «ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ፣ ይዳኙን» አሉኝ።

በመንገድ ላይ የተገኘ ጨዋ ሰው ዳኝነት ሲለመን እንቢ ማለት እንደማይገባው ከአያቴ ሰምቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ አለኝ። በመሥሪያ ቤቴ የረቂቄን ነጠላ ሰረዝ እንኳ አለቃዬ ሳያርመው አያልፍም፤ አሁን ግን ሺህ ሰው ቃሌን ሊሰማ ከቦኝ ቆሟል። የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አቀረቡልኝ፤ ተቀመጥሁበት፤ ጃንጥላዬንም በጉልበቶቼ መካከል ተከልሁ። ባላምባራስ ኩታቸውን አሸርጠው፣ ከእርሳቸው ጋር የታሰረውን ሰው በአክብሮት እያመለከቱ፣ ነገራቸውን ከሥሩ ጀምረው ተናገሩ፤ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አንድ ቃል አልቀነሱም፤ እንደዚያ ያለ ንግግር በዚያ ሜዳ ላይ ከዚያ በፊት አልተሰማም፣ ከዚያም በኋላ የሚሰማ አይመስለኝም። ሲጨርሱ ወደ ልጅ ደምስ ዞርሁና መልሱን ጠየቅሁት።

«መልስ የሚያሻው ነገር አላየሁም» አለ። «ብሥራትም የእኔ ፈረስ ነው። በገዛ ፈረሴ የፈቀድሁትን ባደርግ ማን ይጠይቀኛል?»

ባላምባራስ የኩታቸውን ቋጠሮ ተመለከቱ። ከዚያም በዝግታ «ሁለቱም የእርስዎ ነበሩ?» አሉ።

«ሁለቱም።»

«ታዲያ ሲሽቀዳደሙ የነበሩት ከማን ጋር ነው?»

በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን ሊያስቁ አልጠየቁም፤ መልሱን ሊያውቁ ፈልገው ነበር። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታዬ ዳኛ ሆይ» አሉ፣ «እኔ የሚሮጥ ፈረስ አይቼ ተወራረድሁ፤ ይህ ሰው ግን የሚገታ እጅ ይዞ ተወራረደ። አንድ ሰው በሁለቱም ወገን ከቆመ ውርርድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያልነበረ ውርርድ በቅሎ አያስወስድም። በቅሎዬ ትመለስልኝ፤ የእርሱን ፈረስ አልፈልግም።» አንባቢ ሆይ፤ ፍርዱ ያን ጊዜ በእጄ ላይ ነበር። የተሳበውን ልጓም በዐይኔ አይቻለሁ፤ የተነገረውን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «በቅሎዪቱ ትመለስ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ቀርተውኝ ነበር። ነገር ግን ሥርዐት ዐዋቂ ለመምሰል ፈለግሁና፣ ከሳሽ ምስክር ይቍጠሩ አልሁ። ባላምባራስ እጃቸውን ወደ ሕዝቡ ዘረጉ፤ «ዋሱም ምስክሩም እነዚህ ናቸው፤ ራሱ ጠርቷቸዋል» አሉ፤ ሺህ አፍም ባንድነት «አይተናል» ብሎ ጮኸ። ሦስት ሰዎች ወጥተው ምለው ይናገሩ አልሁ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ባለሱቅና አንድ መምህር ገመዱን ተሻግረው ወጡ፤ ልብስ ሰፊው ለመሓላ እጁን አንሥቶ አፉን ከፈተ።

ደወሉ ተደወለ። የአምስተኛው እሽቅድምድም ትኬት የሚሸጥበት መስኮት ሊዘጋ ሲል የሚደወል ደወል ነበር፤ የእሑዱም ትልቁ ውርርድ ይህ አምስተኛው ነው። ልብስ ሰፊው የከፈተውን አፍ ሳይዘጋ ወደ መስኮቱ ተመለከተ፤ «አንድ ጊዜ ትኬቴን ገዝቼ ልምጣ» አለ፤ ሄደም። ባለሱቁ ያን እንኳ ሳይል ሄደ። መምህሩ ትንሽ አፍሮ ነበርና መሬት መሬት እያየ ሄደ። አሁን «ሌባ» ሲል የነበረው ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ባርኔጣውን የወረወረው ባርኔጣውን እያነሣ፣ ትኬቱን የቀደደው ሌላ ሊገዛ፣ በዚያው ሌባ ባለው ሰው ፈረስ ላይ ሊወራረድ፣ እየተጋፋ ወደ መስኮቱ ፈሰሰ። ሕዝብ ሆይ፣ በአንዲት ደወል የሚበርድ ቍጣ ከየት ተማርህ? አሁን ከነበረው ጉባኤ የቀረነው፣ በአንድ ኩታ የታሰሩት ሁለቱ ሰዎች፣ ከሣሩ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ትርንጎ፣ የበቅሎዪቱን ልጓም የያዘው አሽከርና ከሣጥን ላይ ያለሁት እኔ ነበርን። እኔ ደግሞ በአምስተኛው ላይ ከዐሥር ቀን በፊት የመረጥሁት አንድ አምባላይ ፈረስ ነበረኝ፤ ትኬቱን ገና አልገዛሁም። ልጅ ደምስ ፊቴን አይቶ ዐውቆብኛል፤ ሲስቅ ጢሙ ሲነሣ አየሁት። ተነሥቼ ቆምሁና፣ በመሥሪያ ቤቴ ስንት ባለጕዳይ በመለስሁበት በዚያው ቃል፣ «ነገሩ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ምስክሮችም ስላልተሟሉ፣ ለመጪው እሑድ በዚሁ ስፍራ ተቀጥሯል» አልሁ። ቋጠሮውን በገዛ እጄ ፈታሁት። ስለ በቅሎዪቱ ግን ምንም አላልሁም፤ እስከዚያው በማን እጅ እንደምትቆይ ሳልወስን፣ ሳላስብም፣ ወደ መስኮቱ ሮጥሁ።

አምባላዩ ቀደመ። ብሸነፍ ኖሮ ምናልባት ቅጣቴን ተቀበልሁ ብዬ በተጽናናሁ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ይህችንም መጽናኛ ነሣኝ። ገንዘቤን ይዤ ወደ ሣሩ ስመለስ ልጅ ደምስም፣ አሽከሩም፣ ወለላም አልነበሩም። ባላምባራስና ወይዘሮ ትርንጎ ከሜዳው መውጫ በኩል ሲሄዱ አየኋቸው፤ ወይዘሮ ትርንጎ በአንድ እጃቸው የባላቸውን ትከሻ፣ በሌላው ከአጥር የተነቀለ እንጨት ይዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ሁለት እርምጃ ሄደው ይቆሙ ነበር፤ ቤታቸውም ከከተማው በሌላው ጫፍ ነበረ። ደረስሁባቸው፤ ጃንጥላዬን አጥፌ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እመቤቴ፣ ጋሪ ልጥራልዎት፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ» አልሁ። ባላምባራስ አልተመለከቱኝም፤ ከዳኛ ጋር ከችሎት ውጭ መነጋገር ነውር ነው ብለው ይሆን ወይም ንቀውኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወይዘሮ ትርንጎ ግን ላብ ያጠመቀውን ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ ያለ ቍጣ፣ ያለ ሽሙጥ፣ ባለጕዳይ ዳኛውን እንደሚጠይቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ጌታዬ፣ ቀጠሮው ለእሑድ ነው ብለዋል?»

«አዎን፣ እመቤቴ።»

«በምን ልምጣ?» አሉኝ።

ጋሪውንም ሳልጠራ ቆሜ ቀረሁ፤ እርሳቸውም ያንኑ እግር እየጎተቱ ሄዱ። በቀጠርሁት እሑድ ያንኑ ሣጥን ገልብጬ ከቀትር እስከ ማታ ተቀመጥሁበት፤ ከሳሽ አልመጡም፤ ምስክሮቹ መጥተው ነበር፤ ሦስቱም ከመስኮቱ ፊት ተሰልፈው ነበር፤ ልጅ ደምስም እናቱን በወለላ ላይ አስቀምጦ በፊቴ ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሣልኝ። የከተማችን ሰዎች ይህን ነገር ሲሰሙ ልጅ ደምስን ይረግሙታል፤ ይርገሙት፤ እኔ ግን ሌላውን በደለኛ ዐውቀዋለሁ። ሳያይ የፈረደ ዳኛ ተሳሳተ ይባላል፤ አይቶ የቀጠረ ግን ሰርቋል።